ልጃችን ዩኒቨርሲቲ መረጠች፣ አሰልጣኙ ግን ዝም አለ፤ ሕግ ጥሰን ይሆን?

ጥያቄው፦ «ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ የረጅም ርቀት ሯጭ ናት። ባለፈው ወር የአንድ ዲቪዥን 1 (በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ የሚወዳደር) ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ደውሎ ‹እንፈልግሻለን፣ ስኮላርሺፕም አለሽ› አላት። እሺ አለች። የዩኒቨርሲቲውን ማሊያ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች። አጎቷ ፎቶውን ወስዶ ፌስቡክ ላይ ‹ፉል ስኮላርሺፕ አገኘች› ብሎ አወጣው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላም ተነገረ፤ እልል ተባለ። አሰልጣኙ ግን ገጹ ላይ አንዲት ቃል አልጻፈም። ዩኒቨርሲቲውም ዝም ነው። አንድ ወዳጃችን ‹ሳይፈረም ማውራት ክልክል ነው፣ ልጅቷ ትታገዳለች› አለን። ሌላው ደግሞ ‹ስሟን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሥር አየሁት› ይላል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሕግ ጥሰናል? ልጥፉን እናጥፋው?»

እኅቴ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍዎን ይተኙ። ልጅዎ ምንም ሕግ አልጣሰችም። እርስዎም አልጣሱም። አጎቷም ያጋነነው ነገር አለ እንጂ የጣሰው ደንብ የለም። የአሰልጣኙ ዝምታም ንቀት አይደለም። ዝም ያለው ደንቡ ዝም በል ስለሚለው ነው።

እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ውስጥ «ኮምፕላያንስ» የሚባለው ቢሮ ባልደረባ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራችን አሰልጣኞች ለማን፣ መቼ፣ ምን ማለት እንደሚችሉ መከታተል ነበር። ስለዚህ እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎትን ዝምታ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜም ዝም በሉ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ አለው። ከምዕራፎቹ አንዱ፣ 13ኛው፣ ሙሉ በሙሉ ስለ ምልመላ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ማስታወቅ የሚናገር ክፍል አለ። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፦ ተማሪዋ የዩኒቨርሲቲውን የጽሑፍ ውል እስክትፈርም ድረስ ዩኒቨርሲቲው በአደባባይ ማለት የሚችለው «አዎ፣ እየመለመልናት ነው» ብቻ ነው። ጎበዝ ናት ማለት አይችልም። ለቡድናችን እንዲህ ትጠቅማለች ማለት አይችልም። ትመጣለች፣ ትፈርማለች ብሎ መገመትም አይችልም።

ልብ ይበሉ፤ ይህ ደንብ የሚያስረው ዩኒቨርሲቲውን ነው። ልጅዎን አያስራትም። እሷ ገና የማንም አይደለችም። የፈለገችውን ትለጥፋለች፣ ለፈለገችው ሰው ትናገራለች። እርስዎም እንደዚያው። የሁለተኛ ደረጃ አሰልጣኟም፣ የሰፈሩ ጋዜጣም እንደዚያው። ሌላም አለ። አሰልጣኙ አፍ አምልጦት ቢናገር እንኳ ጥፋቱ የተቋሙ እንደሚሆንና የተማሪዋን የመወዳደር መብት እንደማይነካ ደንቡ ራሱ ይናገራል። «ትታገዳለች» ያሉዎት ወዳጅዎ እዚያ መስመር ላይ አልደረሱም።

አሰልጣኞቹ ግን እንዴት እንደሚጨነቁ ቢያዩ ያዝኑላቸዋል። አንድ ምሽት አንዱ አሰልጣኛችን ስልኩን ይዞ ቢሮዬ ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከታተላት የነበረች ልጅ ያኔውኑ «መርጫለሁ» ብላ ለጥፋለች። እሱ ደግሞ መልስ ጽፏል። ስሟን ጠርቶ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ፣ የሮጠችበትን ሰዓት ሳይቀር ጠቅሶ። አውራ ጣቱ «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ላይ ናት። ዓይን ዓይኔን ያያል። «አጥፋው» አልኩት። አጠፋው። ከዚያ የ«ላይክ» ልብ ምልክቷን ብቻ ተጭኖ ወጣ። በር ላይ ደርሶ ዞሮ «ቅር ይላት ይሆን?» አለኝ። ቅር ሳይላት አልቀረም። የእርስዎ ልጅም አሁን ቅር ብሏት ይሆናል። ንገሯት፤ ሰውየው ዝም ያለው ስላልፈለጋት አይደለም።

ልቧን መጫን የተፈቀደውም ከ2016 ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በአደባባይ «ላይክ» ማድረግ እንኳ ችግር ነበር። አሁን አሰልጣኝ ሌላ ሰው የጻፈውን መውደድና ማጋራት ይችላል። በሥሩ የራሱን ቃል መጨመር ግን አይችልም። መጫን ይፈቀዳል፣ መጻፍ አይፈቀድም ብለው ይያዙት። አንዳንዶች ብልሃት ያበጃሉ። ስም ሳይጠሩ የእሳት ምልክት ወይም የቡድናቸውን መፈክር ይለጥፋሉ። ደጋፊው ወዲያው ይገባዋል፤ «ዛሬ አንድ ሰው እሺ አላቸው» ይላል። ስለዚህ የአሰልጣኙን ገጽ እንደገና ይዩት። ልጅዎ የለጠፈች ቀን ማታ ማንንም የማይጠቅስ አጭር ነገር ለጥፎ ቢገኝ አይግረምዎት።

ይህን ደንብ ብዙ ሰው የቢሮክራሲ ጣጣ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ስም የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ መሆን የለበትም። ገና ያልወሰነችን ልጅ «የእኛ ናት» ብለው ቢያውጁባት ሐሳቧን ለመቀየር ማን ድፍረት ይሰጣታል? ዩኒቨርሲቲው እስኪፈረም ዝም ሲል ለእሷ የማሰቢያ ጊዜ ይተርፋታል።

ከዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ውጭ ደንቡ የሚነካው ሌላ ሰውም አለ። እንግሊዝኛው «ቡስተር» ይለዋል። ለስፖርት ክፍሉ ገንዘብ የለገሰ፣ በምልመላ ያገዘ፣ የደጋፊዎች ክለብ አባል የሆነ ሰው ማለት ነው። አንድ ጊዜ እዚያ መዝገብ ውስጥ የገባ ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰው ተማሪን ለዩኒቨርሲቲው ማግባባት አይፈቀድለትም። በስልክም ሆነ በፌስቡክ ያው ነው። በ2009 ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ላንሳልዎ። አንድ ተማሪ ዝነኛው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጆን ዎል ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ይምጣልን የሚል የፌስቡክ ቡድን ከፈተ። ተራ ተማሪ ነው፤ ተጫዋቹን ስለወደደ ብቻ ነው ያደረገው። ዩኒቨርሲቲው ግን «አቁም» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ዎል በመጨረሻ ኬንታኪን መረጠ። ለእርስዎ የሚበጀው ምንድን ነው? ከማኅበረሰባችን ውስጥ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆኖ ለስፖርት ክፍሉ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካለ፣ የልጅቷን ገጽ እየተከታተለ «ነይልን» ባይላት ይሻላል። ራት ልጋብዝ፣ ጫማ ልግዛላት ቢልም ይቅርበት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት የቤተሰብ ወዳጅ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያም ቢሆን ዩኒቨርሲቲውን ጠይቆ ቢያደርገው ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠር ጥፋት ልጅቷንም ሊነካ ይችላል። ስለ ማስታወቅ ከሚወራው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

አሁን ወደ አጎቷ ልጥፍ ልምጣ። «ፉል» የሚለው ቃል አላማረኝም።

በደብዳቤዎ ውስጥ አሰልጣኙ «ስኮላርሺፕ አለሽ» አላት ብለዋል። ስንት እንደሆነ አልጻፉም። እሱም አልተናገረም ይሆናል። በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ ማግኘት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተለመደ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በዲቪዥን 1 የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ቡድን የነበረው ጣሪያ 18 ስኮላርሺፕ ነበር። የወንዶቹ 12.6 ብቻ ነበር። ይህን ከሯጭ እስከ ዝላይ፣ ከዲስከስ እስከ ዱላ ቅብብል ላለው ሁሉ ነው የሚያካፍሉት። አሰልጣኙ እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሰዋል። ለአንዷ ግማሽ፣ ለአንዷ ሩብ፣ ለአንዷ የመጽሐፍ ገንዘብ።

በ2025 ይህ ተቀየረ። ጁን 6 ቀን ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን አትሌቶች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት «ሀውስ» በሚባለው ክስ ላይ የተደረሰውን ስምምነት አጸደቁ። ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሳ። በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ላይ ገደብ መጣ። ለአገር አቋራጭ 17፣ ለአትሌቲክስ 45 ሰው። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ አሰልጣኙ ለሁሉም ሙሉ መስጠት ይችላል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶች በቀጥታ እንዲከፍሉ የተፈቀደው ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ቢሆንም፣ አብዛኛው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። ሰው «አሁንማ ኮሌጅ ሚሊዮን ይከፍላል» ሲል ሰምተው ከሆነ የሩጫ ልጆችን ወሬ አይደለም የሰሙት።

የቁጥር ገደቡ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። በየቦታው ቃል የተገባላቸው ልጆች ተቀነሱ። አሰልጣኙ 60 ሯጭ ይዞ የነበረ ቡድኑን 45 ማድረግ ሲኖርበት፣ ከነባሮቹም ከአዲስ መጪዎቹም ቆረጠ። ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛዋም በዚህ ምክንያት ስምምነቱን ወዲያው አላጸደቁትም። በመጨረሻ ቦታቸውን ያጡ ልጆች ከገደቡ ውጭ እንዲቆጠሩ የሚፈቅድ ማሻሻያ ተጨመረበት። ማሻሻያው ቦታ አላችሁ ተብለው የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንም ያካትታል። ከዚያ በፊት ግን «መርጫለሁ» ብለው ለጥፈው፣ ኬክ ቆርሰው፣ ከወራት በኋላ «ይቅርታ፣ ቦታ የለም» የተባሉ ልጆች ነበሩ።

ይህን የምነግርዎት ላስፈራራዎ አይደለም። የልጅዎን «እሺ» እና የአሰልጣኙን «እንፈልግሻለን» በልኩ እንዲይዙት ነው። በእኛ ወግ ልንገርዎ። ሽማግሌ ተልኳል። እሺታም ተገኝቷል። ሁለቱም ወገን ደስ ብሎታል። ሰማንያው ግን ገና አልተፈረመም። በስልክ የተባለ ነገር አሰልጣኙንም አያስረውም፣ ልጅዎንም አያስራትም። እሱ ነገ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊቀጠር ይችላል። እሷም ነገ ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። ብዙ አሰልጣኞች ቃላቸውን ይጠብቃሉ፤ ከእነሱ ጋር ሠርቻለሁና አውቃለሁ። በቃል የተባለ ነገር ግን መተማመኛው ሰውየው ብቻ ነው።

ወረቀቱ መቼ ይመጣል? ልጅዎ 12ኛ ክፍል ስለሆነች ከኦገስት 1 ወዲህ የስኮላርሺፕ ሐሳቡን በጽሑፍ ሊልኩላት ይችላሉ። መፈረም የሚቻለው ደግሞ ከኖቬምበር ሁለተኛው ረቡዕ ጀምሮ ነው። በ2025 የዋለው ኖቬምበር 12 ላይ ነበር፤ በእኛ ኅዳር 3 ቀን 2018 ማለት ነው። ከ1964 ጀምሮ የነበረው «ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንተንት» የሚባለው ሰነድ ግን በ2024 ኦክቶበር ቀርቷል። አሁንም ስሙን የሚጠሩ አሉ። ዛሬ የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነቱ ራሱ ነው። ያን ከፈረመች በኋላ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሊመለምሏት አይፈቀድላቸውም። ያን ጊዜ አሰልጣኙ አፉ ይፈታል። ፎቶዋን ያወጣል፣ ሰዓቷን ይጠቅሳል፣ ስለ እሷ አንቀጽ ሙሉ ይጽፋል። ስለዚህ ከፊርማው ቀን በፊት አደባባይ ላይ እንዲያመሰግናት አይጠብቁ። ከፈረመች በኋላም ዝም ካለ ግን ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁ ያምርብዎታል።

ስለ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ወሬ። ሯጮች ሰዓታቸው የሚመዘገብባቸው እንደ ማይልስፕሊት ያሉ ገጾች አሉ። ማን ወዴት እንደሚሄድም ይዘረዝራሉ። በፉትቦልና በቅርጫት ኳስ ደግሞ ግምት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 247ስፖርትስ የሚባለው ገጽ «ክሪስታል ቦል» የሚል የትንበያ ሰሌዳ አለው። ጋዜጠኞች ይህ ልጅ ወደዚህ ይሄዳል ብለው ይወራረዱበታል ማለት ይቻላል። ችግሩ ትንበያው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ሰማሁ» ይሆናል። ከዚያ «ተረጋገጠ» ይሆናል። ልጅዎ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጎብኝታ ፎቶ ተነስታ ከነበረ ይህ ብቻውን ስሟን እዚያ ሊያስለጥፍ ይችላል። ጉብኝት መምረጥ አይደለም፤ ማሊያ ለብሶ መነሳትም ፊርማ አይደለም። ማሊያውን ለሚጎበኝ ሁሉ ያለብሱታል። ገጹ የተሳሳተ ከሆነ እሷ ራሷ በአጭሩ ጽፋ ታርማቸው። እርስዎ ግን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ደውለው «አረጋግጡልኝ» አይበሉ። የሚመልሱልዎት «አስተያየት መስጠት አንችልም» ነው። ያ መልስ ደግሞ እሁድ ቡና ላይ «ዩኒቨርሲቲው ካደ» ተብሎ ይወራል።

ወሬ ልጅን እንዴት እንደሚውጥ ያየሁት ትልቁ ምሳሌ የኔቫዳው ነው። በ2008 ፌብሩዋሪ መግቢያ ላይ፣ ፈርንሊ በምትባል ትንሽ ከተማ። አንድ የፉትቦል ተጫዋች ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ሁለት ኮፍያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ የካል (የካሊፎርኒያ በርክሊ) እና የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዎችን። የካልን ኮፍያ አነሳ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ካሜራ ነበር፣ ጋዜጠኛ ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ልጁን እንደማይመለምሉት ታወቀ። ታሪኩን የፈጠረው እሱ ራሱ ነበር። ስሙን የማልጠራው በቂ ተሰቃይቷል ብዬ ስለማምን ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ያህል ትልቅ ሰው በዙሪያው እያለ «ወረቀቱን አሳየኝ» ያለው አልነበረም። ሁሉም ለደስታው ቸኮለ።

የእርስዎ ልጅ ከዚያ ልጅ ጋር አትገናኝም። እሷን በእውነት ደውለውላታል። የደስታው ጥድፊያ ግን አንድ ዓይነት ነው። «ፉል» የሚለው ቃል ቢሳሳት የምታፍረው እሷ ናት እንጂ አጎቷ አይደለም። ኖቬምበር ላይ 50 በመቶ የሚል ወረቀት ቢመጣላትስ? 50 በመቶ በጣም ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። በ17 ዓመቷ በእግሯ ያመጣችው ነው። «ፉል» ተብሎ ከተወራ በኋላ ግን ግማሹ እንደ ውድቀት ይታያል። በቤተክርስቲያኑ በር ላይ «ምነው፣ ቀነሱባት እንዴ?» የሚላት አይጠፋም። ይኼን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ደግሞ ሌላ እውነተኛ ጉዳት አለ። አንዲት ልጅ መረጥኩ ብላ በአደባባይ ስትናገር ሌሎች አሰልጣኞች መደወል ያቆማሉ። ደንብ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። የሌላ ሰው እጮኛ አይነካም እንደሚባለው ያለ ነገር። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ቢፈርስ ባዶ እጇን ልትቀር ትችላለች። እስኪፈረም ድረስ ከሌሎቹ አሰልጣኞች ጋር ያላትን ግንኙነት በጨዋነት ትያዝ። ለጻፉላት ትመልስ። አትዋሻቸው፤ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ገና አልፈረምኩም ብትል ማንም አይቀየማትም።

አሁን ከአሰልጣኙ ጋር ቁጭ ብላ መነጋገር አለባት። እርስዎም አጠገቧ ይሁኑ፤ ነገሩን ግን እሷ ትናገር። አሰልጣኞች በራሷ አፍ የምትጠይቅ ልጅ ይወዳሉ። የጽሑፉ ወረቀት መቼ ይደርሰኛል ትበለው። ስንት በመቶ ነው፣ የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው ወይስ መኝታና ምግብም አለበት? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? የአንድ ዓመት ከሆነ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህን ብዙ ወላጅ ከፈረመ በኋላ ነው የሚያውቀው። ብጎዳ ምን ይሆናል? ከ45ቱ ውስጥ ቦታዬ የተረጋገጠ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል፤ የትምህርት ማስረጃዬን የመግቢያ ክፍሉ አይቶታል ወይ? አሰልጣኝ ስለፈለገ ብቻ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። በሩን የሚከፍተው የመግቢያ ክፍሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው እንደ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ካሉበት ከአይቪ ሊግ አንዱ ከሆነማ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። እነሱ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ነው። «ከፕሪንስተን የሩጫ ፉል ስኮላርሺፕ አገኘ» የሚል ልጥፍ ካዩ አንድ ነገር ተሳስቷል።

በኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ተመዝግባ ካልሆነ ዛሬ ይመዝገቡ። ለዲቪዥን 1፣ 16 የዋና ትምህርት ኮርሶች ያስፈልጓታል። በእነሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ያለቁ መሆን አለባቸው። የኤስኤቲና የኤሲቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለዚህ መጠየቁ በ2023 ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚያነብ ሌላ ወላጅም ይስማኝ። ልጅዎ 9ኛን ወይም 10ኛን ኢትዮጵያ ተምሮ የመጣ ከሆነ፣ ያ የአገር ቤት ማስረጃም ይፈለጋል። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ከዋናው ጋር የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ማስመጣት ሳምንታት ይወስዳል። ሰው ልኮ፣ ዳይሬክተር ጠብቆ፣ በሰው እጅ አስመጥቶ ነው። ኖቬምበር ላይ አይጀመርም።

የወላጅ ፊርማም ነገር አለ። ልጅዎ 18 ካልሞላት እርስዎም አብረው መፈረምዎ አይቀርም። እዚህ ላይ በ2013 ፍሎሪዳ ውስጥ የሆነው ትዝ ይለኛል። አሌክስ ኮሊንስ የሚባል ድንቅ የፉትቦል ተጫዋች አርካንሳስን መረጠ። እናቱ ማያሚን ነበር የፈለገችው። በፊርማው ቀን ወረቀቱን ይዛ ከትምህርት ቤቱ ወጣች። አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አወራው። በማግስቱ አባቱ ፈረሙለት፣ ልጁም አርካንሳስ ገባ። እናት ናትና ልጇ ቅርቧ እንዲሆን መፈለጓን አልፈርድባትም። የቤት ውስጥ ክርክሩ ግን ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ ነበረበት። የእርስዎ ቤት በአንድ ሐሳብ መሆኑን ከደብዳቤዎ አይቻለሁ። ርቀቱ ወይም የትምህርት ዓይነቱ የሚያሳስብዎ ከሆነ ግን ጊዜው አሁን ነው፤ ይንገሯት።

እልልታውን አይጸጸቱበት። ሰው የልጅዎን ዜና ሰምቶ እልል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ ያሬድ ንጉሴ ከሉዊቪል ተነስቶ ኖትር ዳም ገባ፣ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በ3:27.80 የኦሊምፒክ ነሐስ ወሰደ። እኔም ያን ሩጫ ቤቴ ቆሜ ነው ያየሁት። ሰዉ ልጅዎን ሲያይ ያን ያስባል። ያ ጸሎት ነው፤ ይቀበሉት። እሁድ የሚጠይቅዎ ካለ «ቃል ተቀባብለናል፣ ፊርማው ኅዳር ላይ ነው» ይበሉ። እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

ልጥፉን አታጥፉት። የጠፋ ልጥፍ ራሱ ዜና ይሆናል፤ በሰዓቱ «ፈረሰ» ይባላል። የልጅዎ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲውን መምረጧን ብቻ የሚናገር ከሆነ ምንም አይነካም፤ እንዳለ ይቆይ። የአጎቷ ግን ይስተካከል። ዛሬ ማታ ይደውሉለት፣ ስላሰበላችሁ አመስግኑት፣ ከዚያ «ፉል» የምትለዋን ቃል ብቻ እንዲያወጣት ይንገሩት።